ከመስታወቱ ወዲህ ያሉ መምህራን

(ድምፅ፦ ሙቀጫ። ዘነዘናው ደጋግሞ ይወርዳል፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ከተራኪው ሥር ይቀጥላል።)

ተራኪ፦ የሚወቀጠው ቡና አይደለም፤ የቡና ቅጠል ነው። ከፋ ውስጥ ጨሞ ይሉታል። ቅጠሉ በእሳት ይጠበስና ይወቀጣል። ከዚያ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጤና አዳሙ፣ ቃሪያው፣ ኮረሪማው እንደየቤቱ ወግ ይጨመርበታል፤ ጨው ጣል ተደርጎበት ይፈላል። ገና ሲቀመስ ምላስ ይቆነጥጣል፣ ቀስ እያለ ደረት ያሞቃል። ፍሬውን ለገበያ የሚያወጣ ቤት ቅጠሉን ለራሱ ያስቀራል።

እስቲ ይህን መጠጥ ሙዚየም ውስጥ አስቡት። በመስታወት ሣጥን የደረቀ ቅጠል፣ አጠገቡ ጠቆር ያለ ሸክላ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር ጽሑፍ። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ቆም ብሎ ያነባል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ያልፋል። የቦንጋ ልጅስ? እሱ ጨሞውን እቤቱ ጠጥቶ ነው የመጣው። ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ከጻፈው ሰው በላይ ያውቀዋል።

የዛሬው ዝግጅታችን ስለዚህ ልጅ ነው። አንድ ሙዚየም የሚያሳየውን ዕቃ አስቀድሞ ለሚያውቅ ማኅበረሰብ ምን ያስተምራል?

(ሙዚቃ፦ ለአጭር ጊዜ፤ ከዚያ የከተማ ድምፅ፣ የባጃጅ ጥሩምባ።)

ተራኪ፦ ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የከፋ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ደግሞ ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆነች። ዙሪያዋ ደን ነው። ይህን ደን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የከፋ ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም የተሠራው እዚህች ከተማ ውስጥ ነው። ሐሳቡ የመጣው በሚሌኒየሙ ሰሞን፣ በየቦታው የመሠረት ድንጋይ በሚጣልበት ጊዜ ነበር። ግንባታው ዓመታት ወሰደ፤ ሕንፃው ከቆመ በኋላም ውስጡን የመሙላቱ ነገር ብዙ ሲያነጋግር ቆይቷል።

የሚያነጋግረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ነው፤ ምን ይሰብሰብ፣ የት ይቀመጥ፣ ማን ይመርቀው። ሰዉን በተመለከተ ያለው ልማዳችን አንድ ዓይነት ነው። ተማሪዎች ተሰልፈው ይገባሉ፤ አስጎብኚው የሸመደደውን ይወጣዋል፤ መምህሩ «አትንኩ!» እያለ ከኋላ ይከተላል፤ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሁሉም አውቶቡስ ላይ ነው። አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም የድንቅነሽን ምስለ ቅሪት ዓይቶ የወጣ ተማሪ ሁሉ ይህን ሰልፍ ያውቀዋል። ለድንቅነሽ ያስኬድ ይሆናል፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችን ሴት በአካል የሚያውቅ ተማሪ የለም። ለጨሞ ግን አያስኬድም።

(ድምፅ፦ የወረቀት መገለጥ።)

ተራኪ፦ ከፋ ዕቃው ርቆበት የኖረ አገር ነው። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾ ከምኒልክ ጦር ጋር ለወራት ተዋግቶ፣ በደን ውስጥ ተሸሽጎ፣ በ1897 እ.ኤ.አ. ተያዘ። በብር ሰንሰለት ታስሮ መወሰዱን ቦንጋ ላይ ልጅ ሳይቀር ይነግራችኋል። ንጉሡ አልተመለሰም፤ በግዞት እንዳለ ሞተ። የከፋ ዘውድም አብሮ ወጣ፤ በምኒልክ ስዊዘርላንዳዊ አማካሪ በአልፍሬድ ኢልግ እጅ አውሮፓ ደርሶ፣ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው።

መንግሥቱ ከወደቀ ስምንት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ፍሪድሪክ ቢበር የሚባል ኦስትሪያዊ መጣ። ጠየቀ፣ ጻፈ፣ ፎቶ አነሣ፣ ዕቃ ሰበሰበ። ስለ ከፋ የጻፈው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ በ1920 እና በ1923 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ ታተመ። የሰበሰበው ዛሬም ቪየና ነው ያለው። የከፋ ተወላጅ ተመራማሪ ስለ አያቶቹ የቤት ዕቃ ለማጥናት ጀርመንኛ መቁጠር ግድ ይለዋል ማለት ነው። ለቢበር ምስጋናም ይገባዋል፤ እሱ ባይጽፈው ኖሮ ብዙው ነገር ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀበር ነበር። ቢሆንም መጽሐፉን ሳይ አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ያን ሁሉ የነገሩት ሰዎች መምህር ነበሩ፤ በመዝገቡ ላይ የተጻፉት ግን እንደ ተጠኚ ነው።

ቦንጋ ያለው ሙዚየም ይህን ሊገለብጠው ይችላል። ሌላ ቦታ ተሞክሯል። ጂንካ ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ከየብሔረሰቡ ሴቶችን ጠርቶ ስለ ገዛ ወጋቸው እርስ በርስ እንዲነጋገሩ አድርጓል፤ ባለሙያው አድማጭ ሆነ። ካራት ላይ ያለው የኮንሶ ሙዚየም ከየመቃብሩ ተሰርቀው የተያዙትን ዋካዎች፣ እነዚያን የጀግኖች የእንጨት ሐውልቶች፣ መልሶ ባለቤቶቹ ቀዬ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። አዲስ አበባ መካኒሳ ላይ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው የመስከረም አሰግድና የኤልያስ ስሜ ዞማ ሙዚየም ደግሞ ግድግዳው ራሱ ትምህርት ነው፤ በጭቃና በጭድ፣ በነባሩ የአገር ቤት አሠራር ተገንብቶ፣ በግቢው የሕፃናት ትምህርት ቤት ይዟል። እዚያ ልጅ ጭቃ ሲነካ የሚቆጣው የለም።

(ድምፅ፦ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ፤ ከሩቅ የልጆች ጫጫታ።)

ተራኪ፦ ከፋ ውስጥ ከባዱ ነገር ግን ጭቃው አይደለም፤ ስኒው ነው።

የቡና ሙዚየም ስኒ ማሳየቱ አይቀርም። ረከቦቱም፣ ጀበናውም፣ ቄጤማውም ይኖራሉ፤ ከጎናቸው ቡና ሰውን ያቀራርባል የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። ታዲያ ከፋ ውስጥ ቡና የለየውም ሰው አለ። ማንጆ የሚባለው ማኅበረሰብ ለብዙ ትውልድ ከሌላው ጋር በአንድ ስኒ አልጠጣም። ቤት ሲመጣ ደጅ ተቀምጦ ነበር የሚስተናገደው፤ የሚቀርብለትም በቅጠል ወይም በተሸራረፈ ዕቃ ነበር። ምክንያቱ ሲጠየቅ «የዱር እንስሳ ሥጋ ይበላሉ» ይባላል። አዳኞች ነበሩና ደኑን የሚያውቀው የለም እንደ እነሱ፤ ማገዶና ከሰል እያወጡ ለከተማው የሚሸጡትም በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ሸክላ ሠሪውም፣ ቆዳ ፋቂውም፣ ብረት ቀጥቃጩም በየስማቸው ተለይተው ዳር የቆሙ ነበሩ። ሕጉ ይህን ከከለከለ ቆይቷል፤ ልማዱ ላልቷል፤ አልጠፋም።

እንግዲህ ሙዚየሙ ውስጥ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ቁጠሩት። ጀበናውን ማን ሠራው? የጦሩን ጫፍ ማን ቀጠቀጠው? የአውሬውን ወጥመድ ማን ጠመደው? ሳሎኑን ያስጌጠው ሁሉ ሳሎን እንዳይገባ በተደረገ እጅ የተሠራ ነው። ይህን የማይናገር አስጎብኚ ስለ ከፋ ገና ምንም አልተናገረም።

በንጉሡ ዘመን የመንግሥቱን ኬላዎች ይጠብቁ የነበሩት ማንጆዎች ናቸው። ወደ ከፋ የሚገባ ነጋዴ ሁሉ በነሱ በኩል ነበር የሚያልፈው። ልጆቻቸው ይህን በክፍል ውስጥ ሰምተውት ያውቃሉ? የሙዚየም የማኅበረሰብ ትምህርት ለኔ ከዚህ ይጀምራል፤ ሸክላ ሠሪዋ ቅዳሜ መጥታ ጭቃ ስታቦካ፣ ተማሪዎች ከበዋት፣ ለሙያዋም እንደ ማንኛውም አሠልጣኝ አበል ሲከፈላት። በነፃ ከሆነ ያው የድሮው ነው። ሲጨርሱም ቡናው ለሁሉም በአንድ ዓይነት ስኒ ይቀዳል። ስብከት አያስፈልገውም፤ ስኒው በቂ ነው። አንዳንድ ወላጅ ያጉረመርም ይሆናል። ያጉረምርም።

(ሙዚቃ፦ ይገባል፣ ይወጣል።)

ተራኪ፦ ስለ ካልዲ አለማንሣት አይቻልም። ፍየሎቹ ሲዘሉ ያየው እረኛ የቡና ቤት ስም፣ የግድግዳ ሥዕል ሆኗል። ታሪኩ ግን በጽሑፍ የተገኘው በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ፋውስቶስ ናይሮን በጻፈው መጽሐፍ ነው፤ እረኛው እዚያ ስም እንኳ የለውም። ተረት መሆኑን መናገር የቡና መገኛ የሚባለውን የከፋውን የማንኪራ ደን ክብር አይቀንስም። ለልጆች ከተረቱ የበለጠ የሚገርም እውነት አለና።

አረቢካ የሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች ዲቃላ ነው። በተፈጥሮ በዋናነት የሚበቅለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖችና በደቡብ ሱዳን ቦማ አካባቢ ነው። ዓለም የሚያመርተው አረቢካ ከጥቂት ዘሮች በየመን በኩል የተዛመተ ስለሆነ ዝምድናው የጠበበ ነው፤ ስፋቱ ያለው እዚህ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲገኝ፣ ጅማ ያሉ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን የፈለጉት ከነዚሁ ደኖችና ማሳዎች ነበር፤ በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን ለይተው አወጡ። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ልጅ ደን ሲመነጠር ሲያይ የሚቆጥረው ማገዶ ብቻ አይሆንም።

ቋንቋውም አለ። ካፊኖኖ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በትምህርት ቤት የሚሰጥ ቋንቋ ነው፤ ቦንጋ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ መምህራኑን ያሠለጥናል። የሙዚየሙን ጽሑፎች እነዚህ ሠልጣኞች ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ቢያዘጋጁ፣ ለተግባር ልምምዳቸው ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል? ለምሳሌ ኮቦ። አንድ ቤተሰብ በደን ውስጥ ቀፎ የሚሰቅልበት፣ ቡናና ቅመም የሚለቅምበት የታወቀ ድርሻ ነው፤ ድንበሩ በዛፍና በወንዝ ይታወቃል፤ ወረቀት የለውም። ይህን በሁለት መስመር አማርኛ ማስረዳት ያቅታል። አንድ የቀፎ ሰቃይ አዛውንት ግን ገመዱን ይዘው ዛፍ ሥር ቆመው በሩብ ሰዓት ይጨርሱታል።

(ድምፅ፦ በደን ውስጥ የእግር ኮቴ፤ ወፎች።)

ተራኪ፦ የቀረው የቀን መቁጠሪያ ነገር ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ይለቀማል፤ ያኔ በየገጠሩ ክፍሎች ይሳሳሉ፤ ልጁ ቅርጫት ይዞ ደን ውስጥ ነው። በዚያ ወቅት ተማሪ ወደ ሙዚየም ይምጣ ማለት አያዋጣም። ሙዚየሙ ነው ወደ ማንኪራ መሄድ ያለበት። ሸራ፣ ጥቂት ደብተር፣ አንድ ከጅማ የመጣ ባለሙያ፣ አንድ የደኑ ሰው። ልጆቹ ዛፉን ጠጋ ብለው ይዩት። የለጋ ቅጠሉ ጫፍ አንዱ ላይ አረንጓዴ፣ ሌላው ላይ ነሐስ የመሰለ ነው። አንዱ ፍሬው ድፍን ቀይ ሲሆን ጎረቤቱ ገና ነው። እያንዳንዱ ልጅ የአንድ ዛፍ ገጽ ይክፈት፤ ቁመቱን፣ የቅጠሉን ቀለም፣ መቼ እንደቀላ፣ በሽታ እንዳለበት ይመዝግብ፤ ደብተሩ በጥር ወር ከነስሙ ሙዚየሙ ውስጥ ይቀመጥ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ ያንኑ ዛፍ ፈልጎ ያግኝ።