ስትናገር የማትሰማ መርከብ

እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 1982፣ በፎክላንድ ጦርነት ወቅት፣ ሁለት የአርጀንቲና ተዋጊ አውሮፕላኖች የባሕሩን ገጽ ታክከው ወደ እንግሊዝ መርከቦች ተጠጉ። ለአፍታ ከፍ ብለው ራዳራቸውን ሲከፍቱ ግላስጎው የተባለችው መርከብ ወዲያው ደረሰችባቸውና ለሌሎቹ አስጠነቀቀች። እኅት መርከቧ ሼፊልድ ግን የአውሮፕላኖቹን ራዳር አልሰማችም። የጠላትን ራዳር የሚያዳምጥ መቀበያ እሷም ነበራት፤ ሆኖም በዚያች ሰዓት መልእክት እያስተላለፈች ስለነበር የገዛ ስርጭቷ መቀበያዋን ደፈነባት። ኤግዞሴት ሚሳኤል መታት፤ 20 መርከበኞች አለቁ። በኋላ የተደረገው ምርመራ የሰዎችንም ጉድለት ስለዘረዘረ ጥፋቱን ሁሉ በሞገድ ላይ መጫን ልክ አይሆንም። ያም ሆኖ መሣሪያዎች እርስ በርስ ሊረባበሹ እንደሚችሉ ለእኔ ከዚህ የበለጠ አስደንጋጭ ማስረጃ የለም፤ ማሰራጫውም መቀበያውም ለየብቻቸው ጤነኞች ነበሩና።

በጦር መርከብ ላይ ራዳር፣ ራዲዮና የሳተላይት አንቴና ጥቂት ሜትር ተራርቀው ይተከላሉ። አንዱ ከፍተኛ ኃይል ሲረጭ ጎረቤቱ ከሩቅ የሚመጣ እጅግ ደካማ ሞገድ ለመያዝ ይጣጣራል። በዚህ ላይ ዝገት አለ። በባሕር ጨው የተበላ የቡሎን መጋጠሚያ እንደ ዳዮድ መሥራት ይጀምርና፣ ሁለት ራዲዮዎች የለቀቋቸውን ሞገዶች ቀላቅሎ ማንም ያላሰራጨውን አዲስ ድግግሞሽ ይወልዳል። ይህን ጥፋት ማሰራጫዎቹ አብረው ካልበሩ በቀር ማንም አያገኘውም።

ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ስንወርድ ጥያቄው ሌላ ነው፦ ገመድ አልባ ስልክ ወይም ዋይፋይ ብረት በብረት በሆነ ቤት ውስጥ እንዴት ይጓዛል? የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 12.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የብረቱን ግድግዳ አያልፈውም፤ እንደ ገደል ማሚቶ እየነጠረ ይመላለሳል። ነጸብራቆቹ አንድ ቦታ ላይ ተደምረው ይጎለብታሉ፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ሲሉ ደግሞ ይጠፋፋሉ። ስለዚህ ሞገዱን የሚለካው መርማሪ በአንድ ነጥብ ለክቶ አይረካም፤ መቀበያውን እያዘዋወረ ብዙ ቦታ ይለካና አማካዩን ይወስዳል።

ከዚያ ከባዱን በር ዘግቶ እንደገና ይለካል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሞገዱ ጨርሶ ይቆማል ብሎ ይጠብቃል። ግን በበሩ ዙሪያ የተገጠመው ጎማ የሚከለክለው ውኃን እንጂ ሞገድን አይደለም፤ ሞገዱ ተዳክሞም ቢሆን በዚያች ጠባብ ክፍተት ሾልኮ ያልፋል። ይህ ለመገናኛው በጎ ነው፤ በማዶ ላለው ስስ የመቆጣጠሪያ መሣሪያ ግን ስጋት ነው። የብረት ክፍል ወደ ውስጡ የገባውን ኃይል ቶሎ አያባክንምና ትንሿ ማሰራጫ እንኳ ከተጠበቀው በላይ ልትረብሽ ትችላለች።

በቤተ ሙከራ ያለፈ መሣሪያ ሁሉ መርከቧ ላይ ተገጥሞ፣ ሌሎቹም በርተው፣ በሮቹም ተከፍተውና ተዘግተው መፈተን አለበት። አንድ አንቴና በተጨመረ ወይም አንድ ግድግዳ በተነሳ ቁጥር የቀድሞው ውጤት ዋጋ የለውም፤ ልኬቱ እንደ አዲስ መደረግ አለበት።