የኬሚስትሪ ዶክቶር ለመሆን ምን ያስፈልጋል?

«ዶክቶር» ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ነጭ ካፖርት ለብሶ በሽተኛ የሚመረምር ሐኪም ነው። ይሁን እንጂ አንድም በሽተኛ ሳያክሙ በዚሁ ስም የሚጠሩ ሊቃውንት አሉ፤ ከእነርሱም አንዱ የኬሚስትሪ ዶክቶር ነው። አንባቢ ሆይ፥ ኮሌጅዎን ሲጨርሱ ወይም ከቢሮ ሥራዎ ተነሥተው ይህን መንገድ ለመጀመር አስበው እንደ ሆነ፥ የሚጠብቅዎን አስቀድመው ማወቅ ይገባዎታል። ለምሳሌ ያህል የአሜሪካን ሥርዓት እንመልከት።

የመጀመሪያው ዓመት

በብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ መግባት ይቻላል፤ ማስተርስ ግዴታ አይደለም። ተማሪው ኦርጋኒክ፥ ኢንኦርጋኒክ፥ ፊዚካልና አናሊቲካል ከሚባሉት የኬሚስትሪ ክፍሎች የመረጣቸውን ይማራል። ከዚሁ ጋር የጀማሪዎችን የላቦራቶሪ ሥራ ይመራል፥ የፈተና ወረቀትም ያርማል። ስለዚህም ድካሙ በአብዛኛው ቦታ የትምህርት ክፍያ ይቀርለታል፤ መጠነኛ የኑሮ አበልም ያገኛል። እንግዲህ መንገዱ ለባለጸጋ ልጅ ብቻ የተከፈተ አይደለም።

በዚያው ዓመት ምርምሩን የሚመራለትን ፕሮፌሰር ይመርጣል። ይህ ምርጫ ቀላል አይምሰልዎ። የፕሮፌሰሩን ዝና ብቻ ሳይሆን ጠባዩን፥ ተማሪዎቹም በስንት ዓመት እንደሚጨርሱ ጠይቆ መረዳት ብልህነት ነው።

አስጨናቂው ፈተና

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ተማሪው በጥቂት ፕሮፌሰሮች ፊት ቀርቦ ሊሠራ ያሰበውን ምርምር ያስረዳል። እነርሱም «ለምን?» «በምን አወቅህ?» እያሉ እስከ መሠረቱ ድረስ ይጠይቁታል። የሚወድቅም አለ፤ ብዙ ጊዜ ማስተርስ ተሰጥቶት ይሰናበታል። ያለፈው ዕጩ ዶክቶር ይባላል።

ዋናው ሥራ

እስከዚህ ድረስ የተፈተነው ሌሎች ያወቁትን ማወቁ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ማንም ያላወቀውን ማግኘት አለበት። ወራት የደከመበት ሙከራ ይከሽፋል፤ ዛሬ የተሳካለትም ነገ አልደገም ይለዋል። በቃል ሸምድዶ ያለፈ ተማሪ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻም ያገኘውን በመጽሐፍ መልክ ጽፎ በፈታኞች ፊት ተከራክሮ ሲያስረዳ ማዕርጉን ይቀበላል። ሁሉም አምስት ወይም ስድስት ዓመት ያህል ይፈጃል። በእንግሊዝ አገር ተማሪው ወዲያው ወደ ምርምር ስለሚገባ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይበቃል፤ ከፈታኞቹም አንዱ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ነው።

ሁለት ሰዎች

ፈታኞችም ይሳሳታሉ። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1884 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ በውሃ የሟሙ ጨዎች ኤሌክትሪክን እንዴት እንደሚያስተላልፉ ጽፎ ለኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበ ጊዜ ዝቅተኛ ማርክ ተሰጠው። ከዚያው ሥራ ተነሥቶ ባስፋፋው ሐሳብ ግን በ1903 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሸለመ።

ሁለተኛው ሴንት ኤልሞ ብሬዲ ነው። በ1916 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ዶክቶር ሲሆን፥ ይህን ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ከዚያም በተስኪጊ፥ በሃዋርድና በፊስክ ለወገኖቹ ኬሚስትሪ አስተማረ።

እንግዲህ ማመልከቻዎን ከመጻፍዎ በፊት ራስዎን ይጠይቁ፤ የሚመኙት ከስም በፊት የሚጻፈውን ማዕርግ ነው ወይስ ሥራውን? ማዕርጉን ብቻ የሚመኝ ሰው ሙከራው በከሸፈበት ወር ተስፋ ይቆርጣል። ሥራውን የሚወድ ግን በማግስቱ ተመልሶ ብልቃጡን ያጥባል።