ደም ማነስ ሁሉ በምግብ አይድንም



በቤታችን ሰው ሲገረጣና ሲደክመው «ደም አንሶት ነው» ይባልና ቀይ ሥር፣ ጉበትና የአይረን ክኒን ይሰጠዋል። ችግሩ የአይረን እጥረት ከሆነ ይጠቅመዋል። ደም የሚያመርተው መቅኔ ራሱ ከደከመ ግን ምግብ ብቻውን አያድነውም።

በአጥንታችን ውስጥ ያለው መቅኔ ሦስት ዓይነት የደም ሕዋሳት ያመርታል። ቀዮቹ ኦክስጅን ያመላልሳሉ፤ ነጮቹ በሽታን ይከላከላሉ፤ ፕሌትሌት የሚባሉት ደግሞ ደም እንዲረጋ ያደርጋሉ። ቀዩ ሕዋስ 120 ቀን ያህል ሲኖር ፕሌትሌት ከ7 እስከ 10 ቀን ብቻ ይቆያል። ስለዚህ ምርቱ መቋረጥ የለበትም።

ሦስቱም አብረው የሚቀንሱበት ብዙ ጊዜ የማያጋጥም በሽታ አፕላስቲክ አኒሚያ ይባላል። ጀርመናዊው ሐኪም ፖል ኤርሊክ በ1888 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚከሰተው የሰውነት መከላከያ የራሱን መቅኔ ሲያጠቃ ነው። አንዳንድ ኬሚካሎችና እንደ ክሎራምፌኒኮል ያሉ መድኃኒቶችም ሊያስከትሉት ይችላሉ፤ በዘር የሚወረስም አለ።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

ከድካምና ከመገርጣት ጋር ነስር፣ የድድ መድማት፣ በቆዳ ላይ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣብ፣ የበዛ የወር አበባ ወይም የሚመላለስ ትኩሳት ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ሙሉ የደም ምርመራ መንገዱን ያሳያል፤ በሽታው የሚረጋገጠው ከዳሌ አጥንት በሚወሰድ የመቅኔ ናሙና ነው።

ምን እንጠንቀቅ?

• ሒጃማ፦ ፕሌትሌት ያነሰበት ሰው ደሙ ላይቆም፣ ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል። እነዚህ ምልክቶች ያሉበት ሰው ሳይመረመር ሒጃማ አይደረግለት። አስፕሪንም አይውሰድ።

• ምግብ፦ ነጭ የደም ሕዋስ ላነሰበት ሰው ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት አደገኛ ናቸው። ማርና ጥቁር አዝሙድም የሕክምና ምትክ አይሁኑ።

• አይረን፦ ደም በተደጋጋሚ የሚሰጠው ሰው አይረን ስለሚጠራቀምበት ክኒኑን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰድ።

ሕክምናው ደም መስጠትን፣ የሰውነት መከላከያን የሚያበርዱ መድኃኒቶችንና የመቅኔ ንቅለ ተከላን ያካትታል። አንድ የእናትና የአባት ልጅ መቅኔው ለወንድሙ ወይም ለእህቱ የመስማማት ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ንቅለ ተከላ የሚታሰብለት ሰው የቅርብ ዘመዶቹን ደም ቢወስድ ኋላ መቅኔያቸውን ሰውነቱ ሊገፋው ስለሚችል፣ ዘመዶች ደም ከመስጠታቸው በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ። ጎረቤትና ጀማዓ ደም በመለገስ የሚደርስላቸው እዚህ ላይ ነው።

ረመዷን ሲመጣም ሸሪዓው ለታማሚ የሰጠውን ፈቃድ አንርሳ፤ ስለ ቀዷና ፊድያ ዑለማዎችን እንጠይቅ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ዓፊያ ይስጥልን። አሚን።