ሰበብ የሆነው መዝገብ፦ ስለ ኢንሳይክሎፔዲያ ጋላክቲካ

የሳይንስ ልብ ወለድ በእኛ የሥነ ጽሑፍ ጥናት ብዙም ቦታ ያልተሰጠው ዘርፍ ነው። ሆኖም ከአገሩ ርቆ የአገሩን ዕውቀት ለመሰብሰብ የሚደክም ምሁር ሊያስብበት የሚገባ አንድ መጽሐፍ በዚሁ ዘርፍ ውስጥ ይገኛል፤ ይኸውም በልብ ወለድ ዓለም እንጂ በእኛ ዓለም ከቶ ያልታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ጋላክቲካ ነው።

መዝገቡን የፈጠረው አይዛክ አሲሞቭ በሩሲያ ተወልዶ በሕፃንነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ የተሰደደ ባዮኬሚስት ነበር። «ፋውንዴሽን» የተባለውን ታሪክ በመጽሔት ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1942 ሲሆን፣ በመጽሐፍ መልክ የታተመው በ1951 ነው። ሐሳቡንም ያገኘው ጊቦን ስለ ሮማ መንግሥት ውድቀት ከጻፈው ታሪክ ነው። በልብ ወለዱ ሃሪ ሴልደን የተባለ የሒሳብ ሊቅ፣ ጋላክሲውን የሚገዛው መንግሥት እንደሚፈርስና 30,000 ዓመት የሚዘልቅ የጨለማ ዘመን እንደሚከተል በስሌት ይደርስበታል። ለፍርድ በቀረበም ጊዜ፣ ዕውቀት እንዳይጠፋ ሁሉን የያዘ መዝገብ እናዘጋጃለን ሲል ይከራከራል። ፍርዱ ስደት ሆነ፤ ሊቃውንቱ ከነቤተሰቦቻቸው ተርሚነስ ወደምትባል የጋላክሲው ዳርቻ ፕላኔት ተላኩ።

ከ50 ዓመት በኋላ፣ የሞተው ሴልደን አስቀድሞ ባስቀረጸው ምስል ብቅ ብሎ መዝገቡ ማታለያ እንደ ነበር ይነግራቸዋል። ዓላማው ሰዎቹን ከዋና ከተማው አውጥቶ በዳርቻ ማስፈር ነበር። ዕድሜያቸውን ለመዝገቡ የሰጡት ሊቃውንት በዚያች ሰዓት የተሰማቸውን ስናስብ ልባችን ይነካል።

አሲሞቭ ምሁራንን ንቋል የሚሉ አሉ፤ እኛ አንስማማም። የነቀፌታው ዒላማ ሎርድ ዶርዊን በተባለው ባለ ሥልጣን ላይ በግልጽ ይታያል። ዶርዊን የሰው ልጅ መገኛ ወዴት እንደ ሆነ ያጠናል፤ ጥናቱ ግን የቀደሙ ሊቃውንት የጻፉትን እርስ በርሱ ማመዛዘን ብቻ ነው። ከንቲባው ሳልቮር ሃርዲን ስለ ምን ወደ ቦታው ሄደህ አትመረምርም ብሎ ሲጠይቀው፣ እነዚያ ከእኛ በተሻለ ሠርተውታልና ምን ያስፈልጋል በሚል መንፈስ ይመልሳል። በዚያው ጊዜ መንግሥቱ የአቶም ኃይል ማመንጫዎቹን የሚጠግን ባለ ሙያ አጥቷል፤ ባለ ሙያ በማሠልጠን ፋንታ በኃይሉ መጠቀምን ለመገደብ ያስባል። (እንዲህ ያለውን ውሳኔ በልብ ወለድ ብቻ ያነበበ አንባቢ ዕድለኛ ነው።)

የሚያስገርመው ግን ደራሲው ክፍሎቹን የሚከፍተው ከዚያው መዝገብ 116ኛ እትም ጠቀስሁ በሚላቸው አንቀጾች ነው። ሰበብ የነበረው ሥራ በመጨረሻ ተጽፏል ማለት ነው፤ ይህም የሆነው የተርሚነስ ሰዎች መዝገቡን ብቻ ይዘው ስላልተቀመጡ፣ መነገድን፣ መምራትን፣ መጠገንንም ስለ ተማሩ ነው።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ስለ አገራችን የሚናገረው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ከ2003 እስከ 2014 በጀርመን አገር በ5 ቅጾች ታትሟል፤ በብዙ አገር ሊቃውንት የተደከመበት፣ ሁላችንም የምንጠቀምበት ታላቅ ሥራ ነው። ቋንቋው ግን እንግሊዝኛ ነው። በጎንደር ወይም በደሴ ያለ ተማሪ ስለ ገዛ ወንዙ የተጻፈውን አንቀጽ በአማርኛ ለማንበብ ቢሻ፣ ወደ ቋንቋው የሚመልስለት ሰው ያስፈልገዋል።