ወንዝ የሌላት ሀርሺን

ከጅግጅጋ ተነስተን በቀብሪበያህና በሐርትሼክ በኩል ሀርሺን ስንደርስ ዓይኔ ወንዝ ይፈልግ ነበር። ወረዳዋ ያለችበት ዞን ፋፈን ተብሎ የሚጠራው በወንዝ ስም ነውና። ይሁን እንጂ የፋፈንም ሆነ የጀረር ሸለቆ ሀርሺንን አይነካም። ሁለቱም ወደ ዋቢ ሸበሌ አቅጣጫ ይወርዳሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም አሸዋ ብቻ ናቸው።

ታዲያ ሰዉ ምን ይጠጣል? መልሱ በየመንደሩ የሚታየው ብርካ ነው። ብርካ ማለት መሬት ተቆፍሮ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ የዝናብ ጎርፍ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው። ብዙዎቹ የግል ንብረት ስለሆኑ ውኃው በበጋ ይሸጣል። ሲደርቁም በቦቴ የሚመጣ ውኃ ይጠበቃል።

ሐውድ የሚባለው ይህ ሰፊ ሜዳ ብርካ ሳይስፋፋ በፊት የዝናብ ወቅት ግጦሽ ነበር። አርብቶ አደሩ ዝናብ ሲጥል ግመሉን ይዞ ይመጣል፤ ኩሬው ሲደርቅ ወደ ቋሚ የውኃ ጉድጓዶች ይመለሳል። ሣሩ በዓመት ለወራት ያርፋል። የሜዳው ዘበኛ ጥማት ነበር ማለት ይቻላል።

ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ብርካ ሲበዛ ሰው ዓመቱን ሙሉ መቀመጥ ቻለ። መንደሩ፣ የግል አጥሩና ከሰል ማክሰሉ ተከትለው መጡ። በ1988 (እ.ኤ.አ.) ከሰሜን ሶማሊያ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በሐርትሼክ ሲሰፍሩም፣ ጣቢያው በ2004 (እ.ኤ.አ.) እስኪዘጋ ድረስ የአካባቢው ዛፍ ማገዶ ሆኗል።

የዱር እንስሳቱን ነገር የተረዳሁት ከዚህ በመነሳት ነው። በኋላ እግሩ ቆሞ የግራር ቅጠል የሚቀነጥበው ገረኑግ፣ እንዲሁም ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ ውጪ በዱር የማይገኘው ዲባታግ የዚህ ደረቅ ምሥራቅ ልጆች ናቸው። የሚያስፈልጋቸውን ውኃ በአብዛኛው ከቅጠል ስለሚያገኙ ወንዝ አለመኖሩ አያስጨንቃቸውም። ቁጥቋጦው ሲመነጠር ግን ምግባቸውንም መጠጣቸውንም በአንድ ጊዜ ያጣሉ። አደኑ ደግሞ ተጨማሪ ነው።

ብርካ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ያለ እርሱ በሀርሺን በጋን የሚሻገር ቤተሰብ የለም። ነገር ግን አዲስ ብርካ ሲቆፈር በዙሪያው ያለው ግጦሽ ስንት ወር እንደሚያርፍ አብሮ ሊወሰን ይገባል። ይህን ከአገሩ ሽማግሌዎች በላይ የሚያውቅ የለም። አለበለዚያ በድርቅ ዓመት ብርካው አጠገብ ውኃ ጠጥቶ በረሃብ የሚወድቀው ገረኑጉ ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡ ላምም ነው።