ፀሐይ የምትጎበኘው መቃብር

በምሥራቅ አየርላንድ፣ ቦይን የተባለው ወንዝ በሚጠማዘዝበት ለምለም ሸለቆ፣ ኒውግሬንጅ የሚሉት ታላቅ የመቃብር ጉብታ ይገኛል፤ ይህም ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ3200 ዓመት ገደማ፣ የጊዛ ፒራሚዶች ከመቆማቸው ከ500 ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ ብረት ቀርቶ ነሐስ እንኳ ያላወቁ ገበሬዎች ያነጹት ነው። ስፋቱ 85 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ግርጌውን 97 ታላላቅ ድንጋዮች እንደ መቀነት ታጥቀውታል፤ በበሩ ፊት የተጋደመው፣ ጠምዛዛ ሐረግ የተቀረጸበት ድንጋይ ግን ከሁሉ ያምራል።

19 ሜትር ያህል የሚረዝመው ጠባብ መተላለፊያ፣ ጣራው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ ወደ ተከደነ ጓዳ ያደርሳል፤ በዚያም የጥቂት ሰዎች ዐፅም፣ ከፊሉ በእሳት የተቃጠለ፣ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ የሥፍራውን ታላቅ ምሥጢር የገለጡት፣ በ1954 ዓ.ም. ቁፋሮ የጀመሩት ሊቅ ማይክል ኦኬሊ ናቸው። እኒህ ሰው ከበሩ በላይ የተተወው ትንሽ መስኮት ለምን እንደ ተሠራ ሲመረምሩ ቆይተው፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት ሰሞን፣ ገና ሳይነጋ በጨለማው ጓዳ ውስጥ ብቻቸውን ቢጠብቁ፣ የንጋት ፀሐይ ጨረር በዚያው መስኮት ገብታ ወለሉን እየዳሰሰች እስከ ጓዳው ድረስ ዘለቀች።

እንግዲህ መጻፍ ያልተማሩት እነዚያ ገበሬዎች፣ የፀሐይን ዑደት መዝነው፣ ብርሃኗ በዓመት ለጥቂት ማለዳዎች፣ ለ17 ደቂቃ ያህል ብቻ፣ ሙታናቸው ካረፉበት ጓዳ እንድትደርስ አድርገው ነበር።