ከነቀላ ወደ መዝገብ፦ በጣና ዳርቻ ተማሪዎች የሚመሩት የአካባቢ ጥበቃ ሥራ



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ተማሪዎች በአካባቢ ጥበቃ ተሳተፉ ስንል ሥራውን ሠሩት ማለታችን ነው ወይስ መሩት? በጣና ዙሪያ ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። እንቦጭ በሐይቁ ላይ መታየቱ በይፋ ከታወቀበት ከእ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ ተማሪዎች ከአርሶ አደሩ ጎን ለነቀላ ተሰልፈዋል። ጉልበታቸው ተፈልጓል፤ የትና መቼ፣ ለምንስ ዓላማ የሚለውን ግን ብዙውን ጊዜ የወሰነላቸው ሌላ ሰው ነው።

የአረሙን ጠባይ እንመልከት። መነሻው የደቡብ አሜሪካው የአማዞን ተፋሰስ ነው። ሙቀት፣ እንዲሁም በናይትሮጅንና በፎስፈረስ የዳበረ ውሃ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ ብዛቱን እጥፍ ሊያደርግ ይችላል። ዘሩ ደለል ውስጥ ተቀብሮ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ሳይሞት ይቆያል። በበጋ ውሃው ሲሸሽ እርጥቡ ጭቃ ላይ የቀረው ዘር ይበቅላል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል አባይ ከማሳው አፈርና ማዳበሪያ ጠርገው ያስገቡለታል። የአንድ ቀን ነቀላ የዛሬውን ተክል ያነሣል እንጂ የዘሩን ጎተራና የምግቡን ምንጭ አይነካም። በዚያ ላይ ከአረሙ ክብደት ከ90 በመቶ በላዩ ውሃ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ተማሪው ቀኑን ሙሉ ሲጎትት የሚውለው በአብዛኛው የጣናን ውሃ ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ። በጣና ዳርቻ በሚኖሩ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ብልሃርዚያ መኖሩን አረጋግጠዋል። የበሽታው ጥገኛ ተዋሲያን ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውሃው ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ ዘልቆ ይገባል፤ ቀንድ አውጣው ደግሞ በውሃ አረም መካከል ይመቸዋል። ስለዚህ ታዳጊን ባዶ እግሩን ወደ ሐይቁ ማስገባት በምስጋና ወረቀት የሚታለፍ ነገር አይደለም። እኔ በበኩሌ ጨርሶ አይገባም ባይ ነኝ።

ሮጀር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ ባዘጋጀው ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል መስሎታል። የታችኞቹን ሦስት እርከኖች ከተሳትፎ አይቆጥራቸውም፦ ልጆችን መጠቀሚያ ማድረግ፣ ጌጥ ማድረግና ለስም ያህል ማሰለፍ ናቸው። በላይኛው እርከን ሐሳቡ ከልጆቹ ይመነጫል፤ ውሳኔውን ከአዋቂዎች ጋር ይጋሩታል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን እንዲገልጽ መብት ይሰጣል። ተማሪን ከሕዝብ የሚያስወጣ አንቀጽ እስካሁን አላየሁም።

ታዲያ ተማሪዎች ምን ሊመሩ ይችላሉ? ቀዳሚ የማደርገው ልኬትን ነው። ሴኪ ዲስክ የሚባለው መሣሪያ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ነጭና ጥቁር የተቀባ ክብ ሰሌዳ ነው። በገመድ ወደ ውሃው ይወርድና ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይመዘገባል። ጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጀሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የሞከረውን ይህን መሣሪያ ማንኛውም የትምህርት ቤት ክበብ ከጣሳ ክዳን፣ ከጥቂት ቀለምና በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ ከተቋጠረ ገመድ ሊሠራው ይችላል። ሰሌዳው ከጀልባ ማቆሚያ ላይ፣ መምህር ባለበት ስለሚወርድ ወደ ውሃው መግባት አያስፈልግም። በየሳምንቱ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት የሚለኩ ተማሪዎች ውሃው የሚደፈርስበትንና የሚጠራበትን ጊዜ በራሳቸው ቁጥር ያያሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ፣ ይህ አፈር ከማን ማሳ መጣ የሚለው፣ የእነርሱ ጥያቄ ነው። ደለል የሚያጣራው ደንገል ቀድሞ እስከ የት ይደርስ እንደነበር ለማወቅም ታንኳ ሠሪ አባቶችን ጠይቀው ካርታ ሊሥሉ ይችላሉ።

የምፈራው ግን የቀን መቁጠሪያውን ነው። ትምህርት ቤት በሐምሌና በነሐሴ ይዘጋል፤ ደለሉ በብዛት የሚገባው በዚያው ወቅት ነው። የክበቡ መሪ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ይሄዳል፤ አስተባባሪው መምህር ይዛወራል፤ ደብተሩም ከአንዱ ጋር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ መዝገቡ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ንብረት ቢሆን፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪም ከ11ኛው ጋር ጎን ለጎን ቢለካ እመርጣለሁ። ክረምቱን የሚሸፍኑት ቤታቸው በዳርቻው የሆነ ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር ሆነው ነው። ዩኒቨርሲቲው ቁጥሩን ከራሱ ልኬት ጋር ቢያመሳክርላቸው መልካም ነው፤ ቁጥሩን ወስዶ በጽሑፉ ሲጠቀምበት ግን የክበቡን ስም ሊጠቅስ ይገባል።

አንድ የመጨረሻ ነጥብ ላክል። ሳይለካ ያለፈ ሳምንት ቢኖር፣ በመዝገቡ ላይ ቦታው ባዶ ይተውና ምክንያቱ በጎኑ ይጻፍ፤ በግምት አይሞላ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።